አምስት ደንበኛ በአንድ ኮምፒውተር፦ ፋየርፎክስን በብዙ ፕሮፋይል ባንዴ የማስኬድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ቦታው የሂሳብ ሥራ ቢሮ ነው። ደንበኞቹ አምስት ናቸው፦ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ የእንጨት ሥራ፣ የጭነት ትራንስፖርት እና የግንባታ ዕቃ መደብር። የሁሉም ወርሃዊ ማሳወቂያ የሚገባው በኢንተርኔት ነው። እያንዳንዱ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የራሱ ኢሜይል፣ የራሱ ባንክ፣ የራሱ ፓስወርድ አለው። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው፦ ዊንዶውስ 11፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ኢንተርኔቱ በጥቅል የሚገዛ የሞባይል ዳታ ነው።

የሚፈለገው አምስቱም አካውንት አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ ባንዴ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ነው። ከዚያም በላይ የአንዱ ደንበኛ ቁጥር በሌላው ፎርም ላይ የሚገባበት ቀዳዳ መዘጋት አለበት። ፍጥነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከታች ያሉትን ትእዛዞችና የሴቲንግ ስሞች በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲተየቡ በላቲን ፊደል ነው።

ቀን 1፣ ጠዋት። ችግሩ የት እንዳለ ማየት

በአንድ ብሮውዘር፣ በሁለት ታብ ሞከርን። በመጀመሪያው ታብ ፋርማሲው ገብቷል፣ ፎርሙ ግማሽ ድረስ ተሞልቷል። በሁለተኛው ታብ ካፌው ሎግኢን አደረገ። ወደ መጀመሪያው ታብ ስንመለስ አናቱ ላይ አሁንም የፋርማሲው ስም አለ። ዓይን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ስሙ የቀረው ገጹ ቀድሞ ስለተጫነ ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ኩኪ (ድረ ገጹ ማን እንደገባ የሚያውቅበት ትንሽ መረጃ) የሚያስቀምጠው በድረ ገጽ እንጂ በታብ አይደለም፤ ካፌው ሲገባ የፋርማሲው ኩኪ በካፌው ተተክቷል። አሁን በመጀመሪያው ታብ «አስገባ» ቢጫን የፋርማሲው ቁጥሮች ከካፌው ኩኪ ጋር ይላካሉ። ሰርቨሩ በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ ስህተት ብሎ ይመልሳል። ካልሆነ የፋርማሲው ሽያጭ በካፌው ስም ይመዘገባል፤ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ደብዳቤና ምልልስ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው እንደ መፍትሔ የሚወስደው ፕራይቬት ዊንዶው ነው፤ በክሮም ኢንኮግኒቶ የሚባለው። ሁለተኛ አካውንት ለመክፈት በእርግጥ ይረዳል፤ ሦስተኛ ላይ ያበቃል። ባንዴ የተከፈቱ ፕራይቬት መስኮቶች ሁሉ የሚጠቀሙት አንድ የጋራ የኩኪ ማስቀመጫ ነው። በአንዱ ፕራይቬት መስኮት እንጨት ሥራው፣ በሌላው ትራንስፖርቱ ቢገባ ያው የጠዋቱ ችግር ይደገማል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ የተከፈተው ሁሉ ላይመለስ ይጠፋል።

ቀን 1፣ ከሰዓት። ኮንቴይነር ተሞክሮ ተተወ

ፋየርፎክስ «መልቲ አካውንት ኮንቴይነርስ» የሚባል የሞዚላ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ፣ አለው። ታቦችን በቀለም ለይቶ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ኩኪ ይይዛል። በአንድ መስኮት ውስጥ አምስት ቀለም፣ አምስት ደንበኛ ማለት ነው። ራም ላይም ከሁሉም አማራጭ ይቀላል፤ የሚሠራው አንድ ብሮውዘር ብቻ ነውና።

የተውነው በፓስወርዱ ምክንያት ነው። ኮንቴይነር የሚለየው ኩኪንና ድረ ገጹ የሚያስቀምጠውን መረጃ ነው። ሴቭ የተደረጉ ፓስወርዶች፣ የተጎበኙ ገጾች ታሪክ፣ ቡክማርክ፣ ፎርም ላይ ቀድሞ የተጻፈው፣ የዳውንሎድ ፎልደሩ፣ ሁሉም የጋራ ናቸው። የመግቢያ ሳጥኑ ላይ ክሊክ ሲደረግ የአምስቱም ደንበኛ ስም ተደርድሮ ይመጣል። ታቡ ሰማያዊ ቢሆንም ከዝርዝሩ አንድ መስመር ወረድ ብሎ መጫን የሌላውን ደንበኛ በሰማያዊ ታብ ያስገባዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ኢሜይል ኮንቴይነር ይበቃል፤ ለአምስት የተለያየ ድርጅት ገንዘብ አይበቃም።

ፕሮፋይል ግን ሁሉንም ይለያል። ፋየርፎክስ ውስጥ ፕሮፋይል ማለት በዲስኩ ላይ ያለ አንድ ፎልደር ነው። ኩኪው፣ ታሪኩና ቡክማርኩ፣ ፓስወርዱ፣ ሴቲንጉ፣ ኤክስቴንሽኑ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ፕሮፋይል ባንዴ ሲከፈት ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ብሮውዘሮች ይሠራሉ።

ቀን 2። ፕሮፋይሎቹን መፍጠር

አድራሻ መጻፊያው ላይ «አባውት፦ፕሮፋይልስ» ሲጻፍ የፕሮፋይል ዝርዝር ገጽ ይመጣል። «ክሪኤት ኤ ኒው ፕሮፋይል» የሚለውን ተጭኖ ስም መስጠት ብቻ ነው። ስሙ አጭር፣ በላቲን ፊደል፣ በትንሹ እና ክፍተት የሌለበት ይሁን። ፋርማ፣ ካፌ፣ እንጨት፣ ጭነት፣ ሱቅ ብለናል። ይህ ስም በኋላ ሾርትከት ትእዛዝ ውስጥ ስለሚገባ ክፍተት ካለው ትእዛዙን ያበላሻል፤ አንድ ፊደል ቢሳሳትም ፋየርፎክስ ፕሮፋይሉን አላገኘሁም ብሎ የምርጫ ሳጥን ይከፍታል።

በዚሁ መፍጠሪያ ላይ «ቹዝ ፎልደር» የሚል ቁልፍ አለ። አንነካውም። ፕሮፋይሉን ቀድሞ ፋይል ባለበት ፎልደር፣ ለምሳሌ የደንበኛው ሰነዶች ባሉበት ቦታ ያስቀመጠ ሰው፣ በኋላ ፕሮፋይሉን ሲሰርዝ «ዲሊት ፋይልስ» ካለ ከፕሮፋይሉ ጋር ሰነዶቹም ይጠፋሉ። ፋየርፎክስ ራሱ የሚመርጠው ቦታ አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ በሚለው ሥር፣ በዘፈቀደ ፊደላት የሚጀምር አዲስ ባዶ ፎልደር ነው። እዚያው ይቆይ። ከኦፊስ የጋራ ድራይቭ ወይም ከክላውድ ጋር በሚመሳሰል ፎልደር ላይ ማስቀመጥም አይሆንም፤ የፕሮፋይሉ ዳታቤዞች ክፍት ሆነው እየተጻፈባቸው ሳለ ሌላ ፕሮግራም ሲነካቸው ይበላሻሉ።

ስድስተኛም ፈጥረናል፦ «ቢሮ»። የማንም ደንበኛ አካውንት አይገባበትም። ነባሪ ፕሮፋይል ያደረግነውም ይህን ነው። ቴሌግራም ላይ ወይም በኢሜይል የመጣ ሊንክ ሲነካ ዊንዶውስ ብሮውዘሩን የሚጠራው የፕሮፋይል ስም ሳይጠቅስ ነው፤ ያኔ የሚከፈተው ነባሪው ነው። ነባሪው የፋርማሲው ቢሆን ኖሮ የዘፈቀደ ሊንክ ሁሉ የፋርማሲው አካውንት ክፍት ባለበት ቤት ገብቶ ይከፈት ነበር። ፕሮፋይል ፈጥረን ስንጨርስ ዝርዝሩ ላይ ነባሪ ተብሎ የተጻፈው አሁንም «ቢሮ» መሆኑን ደግመን እናያለን፤ ካልሆነ «ሴት አዝ ዲፎልት ፕሮፋይል» ተጭኖ ይመለሳል።

ከ2025 ሚያዝያ መጨረሻ ከወጣው እትም 138 ጀምሮ ፋየርፎክስ አዲስ የፕሮፋይል ሜኑ ማስገባት ጀምሯል፤ ከስም ጋር ምስልና ቀለምም ይሰጣል። ለአንድ ሰው የግልና የሥራ ለመለየት ቆንጆ ነው። ነገር ግን በእሱ የተፈጠሩት በድሮው «አባውት፦ፕሮፋይልስ» ዝርዝር ላይ አይታዩም፣ በሾርትከት በስም መጥራትም የተመቸው የድሮው ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መሥራት «ፕሮፋይሌ ጠፋ» የሚያሰኝ ግራ መጋባት ያመጣል። አንዱን መርጦ መጽናት ነው፤ እኛ የድሮውን መርጠናል።

ቀን 2፣ ማታ። ሾርትከት

በየጊዜው «አባውት፦ፕሮፋይልስ» ገብቶ «ላንች ፕሮፋይል ኢን ኒው ብሮውዘር» መጫን ይቻላል፤ በሥራ ጫና መሐል ግን ማንም አያደርገውም። ለእያንዳንዱ የዴስክቶፕ ሾርትከት ያስፈልጋል።

የፋየርፎክስ ሾርትከት ኮፒ ይደረግና ፕሮፐርቲስ ይከፈታል። «ታርጌት» የሚለው ሳጥን ውስጥ የፕሮግራሙ መንገድ በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ አለ። ከመዝጊያው ጥቅስ በኋላ አንድ ክፍተት፣ ከዚያ ሰረዝና ትልቁ የላቲን ፊደል ፒ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ የፕሮፋይሉ ስም ይጻፋል። ብዙ ሰው ተጨማሪውን ከጥቅሱ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ዊንዶውስም በታርጌት ሳጥኑ ያለው ስም ልክ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ጥቅሱ የሚይዘው የፕሮግራሙን መንገድ ብቻ ነው።

በድሮ መመሪያዎች ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ኖ ሪሞት» የሚል ትእዛዝም ይጨመራል። ያለ እሱ ሁለተኛው ፕሮፋይል ሊከፈት ሲል በተከፈተው በመጀመሪያው ላይ አዲስ መስኮት ይመጣ ስለነበር ነው። ከ2019ኙ እትም 67 ወዲህ ፋየርፎክስ የተለየ ፕሮፋይል በስም ሲጠራ ራሱን የቻለ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ትእዛዙ አያስፈልግም። እንዲያውም ይጎዳል፦ በኖ ሪሞት የተከፈተ ብሮውዘር ከውጭ የሚመጣ ሊንክ አይቀበልም። ኢሜይል ላይ ሊንክ ሲነካ «ፋየርፎክስ ተከፍቷል ነገር ግን ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ካሉ የቆዩ ሾርትከቶች ሁሉ አወጣነው።

ቀን 3። የማን መስኮት ነው?

የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ሙሉ ቀን ሰጥተነዋል። አምስት ፕሮፋይል ተከፍቶ አምስቱም አንድ ዓይነት ግራጫ መስኮት ከሆነ ኮምፒውተሩ ለይቶ የያዘውን ሰው ይቀላቅለዋል። ምልክቱ ሳይፈለግ ዓይን ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ቀለም። በእያንዳንዱ ፕሮፋይል ውስጥ የተለየ ቴም (የመስኮቱን ቀለም የሚቀይር ገጽታ) ጫንን፦ ፋርማሲው አረንጓዴ፣ ካፌው ቡና ዓይነት፣ እንጨት ሥራው ቢጫ፣ ጭነቱ ሰማያዊ፣ ሱቁ ቀይ። «ቢሮ» እንደመጣ ግራጫ ቀረ፤ ግራጫ ማለት የማንም አይደለም ማለት ነው። የወረቀት ፋይሎቹ ክላሰር ጀርባ ላይም ያንኑ ቀለም ለጠፍን። ሁለቱ ሲገጥሙ እጅ ራሱ ይለምዳል።

ሁለተኛ ሆምፔጅ። በኖትፓድ አንድ ትንሽ የኤችቲኤምኤል ፋይል ለእያንዳንዱ ደንበኛ ተሠራ፤ የድርጅቱ ስም በትልቁ በአማርኛ፣ ከሥሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የማሳወቂያው፣ የኢሜይሉና የባንኩ ሊንክ። ፋይሉን ብሮውዘሩ ውስጥ ጎትቶ መክፈት፣ አድራሻውን ኮፒ ማድረግ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ሆም» ላይ መለጠፍ ነው። ፓስወርድ እዚያ ላይ አይጻፍም። ቁጥሩ ግን መኖሩ በጣም ይጠቅማል፤ ሠራተኛው ፎርሙ አናት ላይ ካለው ቁጥር ጋር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ያመሳክራል። የፋይሉ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 ይሁን፣ ፋይሉ ውስጥም ይገለጽ፤ ካልሆነ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛ ታስክባር። ዊንዶውስ አምስቱንም በአንድ የፋየርፎክስ ምልክት ሥር ይከምራቸዋል። በእያንዳንዱ ፕሮፋይል «አባውት፦ኮንፊግ» ተከፍቶ «ታስክባር ነጥብ ግሩፒንግ ነጥብ ዩዝፕሮፋይል» የሚለው እንደ ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ ብቻ የሚይዝ ሴቲንግ) ይፈጠርና «ትሩ» ይደረጋል። ብሮውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት ለየብቻ ይቆማሉ። ምልክቱን ለመለወጥ ደግሞ በሾርትከቱ ፕሮፐርቲስ «ቼንጅ አይከን» አለ። ታስክባር ላይ ፒን ሲደረግ ከተከፈተው መስኮት ላይ አይደለም፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት ራሱ ነው ፒን የሚደረገው። ከተከፈተው መስኮት ላይ ፒን የተደረገ የፕሮፋይሉን ስም ጥሎ ነባሪውን ሊከፍት ይችላል። አረንጓዴውን አይከን ነክቶ ግራጫ መስኮት ሲመጣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቀን 3፣ ከሰዓት። ዳውንሎድና ፎንት

ፓስወርዱን ከለየን በኋላ የቀረው መቀላቀያ የዳውንሎድ ፎልደሩ ነበር። የማሳወቂያው ድረ ገጽ ደረሰኙን የሚያወርደው ለሁሉም ደንበኛ በአንድ የፋይል ስም ነው። ሁሉም አንድ ፎልደር ሲገቡ ፋየርፎክስ ከስሙ ኋላ 1፣ 2፣ 3 በቅንፍ እያደረገ ይደረድራቸዋል፤ ቅንፍ 3 የማን እንደሆነ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። በየፕሮፋይሉ ሴቲንግ «ጄነራል» ሥር «ሴቭ ፋይልስ ቱ» ላይ የደንበኛው የራሱ ፎልደር ተመረጠ፦ ከድራይቭ ዲ ሥር የደንበኛው ስም፣ ከሥሩ «የወረዱ»።

ፎንት የሚስተካከለው በየፕሮፋይሉ ነው፤ አንዱ ጋ ያማረው ሌላው ጋ አይመጣም። ሴቲንግ ውስጥ «ፎንትስ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከላይ «ፎንትስ ፎር» በሚለው ዝርዝር «ኢቲዮፒክ» ይመረጣል። ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ አብሮ ይመጣል፤ ኒያላ የለመደ ሰው ከዊንዶውስ ተጨማሪ ፊቸሮች ውስጥ መጫን ይችላል። ኪቦርዱስ? እንደ ኪማን ያለ በዊንዶውስ ላይ የሚጫን ከሆነ በሁሉም ፕሮፋይል ይሠራል። በብሮውዘር ኤክስቴንሽን የሚጽፍ ሰው ግን አምስት ጊዜ መጫን አለበት።

ተመሳሳይ ሴቲንጎችን አምስት ጊዜ ላለመነካካት «ዩዘር ነጥብ ጄኤስ» የሚባል ፋይል ተጽፎ በየፕሮፋይሉ ፎልደር ይቀመጣል፤ ፋየርፎክስ ሲከፈት ሁልጊዜ ያነበዋል። ፎልደሩ የሚገኘው «አባውት፦ፕሮፋይልስ» ላይ «ሩት ዳይሬክተሪ» አጠገብ ያለውን «ኦፕን ፎልደር» በመጫን ነው። ኖትፓድ ሴቭ ሲያደርግ መጨረሻ ላይ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይጨምራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ጭራ ይደብቃል። ፋይሉ ያለ ይመስላል፤ ምንም ግን አይሠራም። ሴቭ ሲደረግ ዓይነቱ «ኦል ፋይልስ» ይሁን። ሌላው ማወቅ ያለብን እዚያ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ሴቲንግ ከመስኮቱ ቢቀየርም በሚቀጥለው ሲከፈት ይመለሳል።

ቀን 4። ራም

አምስቱም ተከፍተው በየአንዳንዳቸው ሦስት አራት ታብ ሲኖር 8 ጊጋባይቱ ጠበበ። አይጡ ይዘገያል፣ ታብ ሲቀየር ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል። የሚጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱን ዋና ፕሮሰስ (የራሱን ራም ይዞ ለብቻው የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል)፣ የራሱን የግራፊክስ ፕሮሰስ፣ የራሱን የኤክስቴንሽን ፕሮሰስ ይዞ ይነሳል፤ ገና ምንም ሳይከፈት ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚወስደው ይህ ነው። በዚያ ላይ ፋየርፎክስ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ፊሽን በተባለው አሠራር እያንዳንዱን ድረ ገጽ በራሱ ፕሮሰስ ያስቀምጣል፤ ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ለራም ግን ውድ ነው። የፕሮሰስ ቁጥር ቀንሱ የሚሉ የድሮ ምክሮች ከዚያ ወዲህ ብዙም አይፈይዱም።

የረዳን ነገር በቅደም ተከተል ይህ ነው። አንደኛ ኤክስቴንሽን። የማስታወቂያ ማገጃው ብቻ በ«ቢሮ» ላይ ቀረ፤ ደንበኞቹ የሚገቡባቸው ሦስት ገጾች ማስታወቂያ የላቸውም። ሁለተኛ «አባውት፦ፕሮሰስስ»። የትኛው ታብ ስንት እንደበላ ያሳያል፤ ከአጠገቡ ባለው ኤክስ ምልክት መዝጋትም ይቻላል። ኢሜይል ከሁሉም በላይ እንደሚበላ ያየነው እዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አምስት ኢሜይል ክፍት ማድረግ ቀረ። ሦስተኛ «አባውት፦አንሎድስ»፤ ታቡን ሳይዘጋ ከራም ያወርደዋል። ነገር ግን ግማሽ የተሞላ ፎርም ያለበት ታብ ላይ አይደረግም፤ ገጹ ሲመለስ ከሰርቨር እንደ አዲስ ሊጫን ይችላል፣ የተጻፈው ያን ጊዜ አብሮት ይሄዳል። አራተኛ «አባውት፦ኮንፊግ» ውስጥ ስሙ «ፕሮሰስ ፕሪላንች» ያለበት የፊሽን ቁጥር ከ3 ወደ 1 ወረደ። ይህ ለሚቀጥለው ገጽ ቀድመው የሚዘጋጁ ባዶ ፕሮሰሶች ቁጥር ነው፤ በአንድ ብሮውዘር ኢምንት ነው፣ በስድስት ሲባዛ ግን ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ፍርዳችን፦ በ8 ጊጋባይት ባንዴ ሦስት ደንበኛና «ቢሮ» በምቾት ይሄዳሉ። አምስቱ የግድ ከሆነ 16 ጊጋባይት ራም መግዛት ማንኛውም ሴቲንግ ከሚሰጠው ይበልጣል።

ራሙ ላይ ሳለን ዳታውንም አየነው። ፕሮፋይል ምንም አይጋራም ማለት የወረደውንም አይጋራም ማለት ነው። ያንኑ የማሳወቂያ ገጽ ምስልና ስክሪፕት አምስቱም ለየብቻ ያወርዳሉ። የኤክስቴንሽን አፕዴት፣ የማገጃ ዝርዝር፣ የአደገኛ ድረ ገጾች ዝርዝር በየፕሮፋይሉ ይወርዳል። በጥቅል ለሚከፍል ቢሮ ኤክስቴንሽን መቀነስ እዚህም ዋጋ አለው። የአደገኛ ድረ ገጽ ጥበቃውን ግን አናጠፋም፤ የባንክ ገጽ በሚከፈትበት ፕሮፋይል ላይ ለትንሽ ዳታ ብሎ ጥበቃ ማንሳት ትክክል አይደለም።

ቀን 5። መብራት ሲሄድ

ሦስት ፕሮፋይል ተከፍቶ ሳለ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለን ሞከርን። ፋየርፎክስ የተከፈቱ ታቦችን በየ15 ሰከንዱ ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሲመለስ የሚጎድለው ቢበዛ የመጨረሻው 15 ሰከንድ ነው። «ኦፕን ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኤንድ ታብስ» በአምስቱም በርቷል። ፎልደሩ ውስጥ የቀረው የመቆለፊያ ፋይል ችግር አልፈጠረም፤ ፋየርፎክስ ባለቤቱ እንደሌለ ሲያይ አልፎት ይከፍታል። ተከፍቷል የሚል መልእክት ከመጣ ግን መጀመሪያ ታስክ ማኔጀር ውስጥ የቀረ የፋየርፎክስ ፕሮሰስ ካለ መዝጋት ነው፤ የመቆለፊያውን ፋይል በእጅ መሰረዝ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በሕይወት ያለ ፕሮሰስ እየጻፈበት ያለውን ፕሮፋይል ለሁለተኛ መክፈት ዳታቤዙን ያበላሻል።

ታብ ሲመለስ ሎግኢኑም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሴሽኑ ሲመለስ ሲዘጋ መጥፋት የነበረባቸው ኩኪዎችም ይመለሳሉና፣ ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ካላቋረጠ የባንኩ ገጽ ክፍት ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ከባንክ በ«ውጣ» መውጣት እንጂ መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም።

ቀን 5፣ ከሰዓት። ክሮም ለሚመርጥ

አሠራሩ በአንድ ነገር ይለያል፤ ያንን ብቻ እንጽፍ። የክሮም ፕሮፋይሎች ሁሉ «ዩዘር ዳታ» በሚባል አንድ ፎልደር ሥር ናቸው፦ «ዲፎልት»፣ «ፕሮፋይል 1»፣ «ፕሮፋይል 2» እያለ። ኩኪና ፓስወርዱ ይለያያል፤ ዋናው ፕሮሰስ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ከፋየርፎክስ ይልቅ ራም ይቆጥባል። በሌላ በኩል ያ ዋና ፕሮሰስ ከወደቀ አምስቱም ደንበኛ አብረው ይዘጋሉ። ሾርትከት ላይ የሚጨመረው «ፕሮፋይል ዳይሬክተሪ» ሲሆን የሚሰጠው የፎልደሩ ስም ነው እንጂ ሠራተኛው የሰጠው ስም አይደለም፤ የትኛው ፎልደር የማን እንደሆነ በዚያ ፕሮፋይል ውስጥ «ክሮም፦ቨርዥን» ሲከፈት «ፕሮፋይል ፓዝ» ላይ ይታያል። ፍጹም የተለየ ፕሮሰስ የሚፈልግ «ዩዘር ዳታ ዲር» በሚለው ትእዛዝ ሌላ ፎልደር ይሰጠዋል።

ቀን 6። መጠባበቂያና መቆለፊያ

ፕሮፋይል ኮፒ የሚደረገው ብሮውዘሩ ተዘግቶ ብቻ ነው። ክፍት ሳለ ኮፒ ከተደረገ ከዳታቤዙ ጎን ያሉት ጊዜያዊ ፋይሎች ላይ ያለው ገና ያልተዋሐደ ጽሑፍ ከዋናው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ቡክማርኩ ወይም ኩኪው ባዶ ሆኖ ይነሳል። ስድስቱም ይዘጋሉ፣ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፋየርፎክስ አለመኖሩ ይታያል፣ ከዚያ በሮሚንግ ሥር ያለው የሞዚላ ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። በሎካል ሥር ያለው ካሽ፣ ማለትም ለፍጥነት የተያዘ ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ አያስፈልግም። ፓስወርድ ብቻ የሚፈልግ «ሎጊንስ ነጥብ ጄሰን» እና «ኪ 4 ነጥብ ዲቢ» ሁለቱን አንድ ላይ ይውሰድ፤ አንዱ የተቆለፈው፣ ሌላው መክፈቻው ነው።

መክፈቻው አብሮ ስላለ ያንን ፍላሽ ያገኘ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ የአምስቱንም ደንበኛ ፓስወርድ ማየት ይችላል። ስለዚህ በየፕሮፋይሉ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» ተደርጓል፤ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ሥር ነው ያለው። ለአምስቱም አንድ ዓይነት አላደረግነውም፤ በስህተት የሌላውን ደንበኛ መስኮት የከፈተ ሠራተኛ የሚለምደው ፓስወርድ አልቀበል ሲለው ቆም ብሎ ቀለሙን ያያል።

ፕሮፋይል በሰዎች መካከል ያለ ግድግዳ ግን አይደለም። በዚያው የዊንዶውስ አካውንት የተቀመጠ ማንም ሰው ሁሉንም ሾርትከት ይነካል። ሁለተኛ ሠራተኛ ሲጨመር የራሱ የዊንዶውስ አካውንት ይከፈትለታል፣ የሚሠራላቸው ደንበኞች ፕሮፋይል ብቻ እዚያ ይገባል። ለድረ ገጾቹም ቢሆን አምስቱ ፕሮፋይሎች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ የፎንት ዝርዝር ያላቸው ናቸው፤ የተለያየ ሰው የመምሰያ መሣሪያ አድርጎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

ቀጣይ ሥራ፦ የግንባታ ዕቃ መደብሩ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ወደ ሌላ ሂሳብ ሠራተኛ ይዛወራል። ቅደም ተከተሉ ተጽፎ ተለጥፏል፦ ከሁሉም ገጽ «ውጣ»፣ የወረዱ ደረሰኞችን ለባለቤቱ ማስረከብ፣ ፕሮፋይሉን መዝጋት፣ ከ«ቢሮ» ላይ «አባውት፦ፕሮፋይልስ» ከፍቶ ከ«ሱቅ» ሥር «ሪሙቭ»፣ ከዚያ «ዲሊት ፋይልስ»። «ዶንት ዲሊት ፋይልስ» ከተባለ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ፓስወርዱ ያለበት ፎልደር ዲስኩ ላይ ይቀራል። ፍላሹ ላይ ያለው የድሮ ኮፒም አብሮ ይሰረዛል፤ ቀዩ ክላሰር ለባለቤቱ ይመለሳል።